ሰባተኛዋ ብሩሽ

የማያምን ከአሁኑ ይለፈው። አልቀየምም።

እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ "ሥራ ፈት" ብዬ ነበር የማልፈው። ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ። ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ባለ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳቶች ይጮሁ ነበር። ከሥር ካለው ካፌ የማኪያቶ ማሽኑ ሲተነፍስ ይሰማ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "መስሎሽ ነው እህቴ" ለምትሉኝ ነው።

አልመሰለኝም።

የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በዚህ ነገር አንድ ሰው በድያለሁ። ስሙ የሲን ነው። ይህን ቻናል እንደሚያነብ አውቃለሁ።

ሲሀም እባላለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ስድስት ኪሎ ግን አራት ዓመት ቆይቻለሁ... ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያባዙ እኔ የሞቱ ፕሪንተሮችን እፈታ ነበር። እነሱ ዲግሪ ይዘው ወጡ። እኔ አርባ ሁለት ሞተር ይዤ ወጣሁ።

ማሽኗን የሠራሁት በእነዚያ ሞተሮች ነው።

ማሽኗ ሥዕል ትሥላለች። የአልጋ ስፋት ያላት የአሉሚኒየም ፍሬም ናት፤ ሸራው መሃሏ ላይ ይተኛል፤ ከላይ አንድ ክንድ በሀዲድ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ጎኗ ላይ ሰባት ቀዳዳ ያለው የብሩሽ ማስቀመጫ አለ። ኮምፒውተሩ "ሦስት ቁጥር" ሲላት ክንዱ ሄዶ ሦስተኛዋን ብሩሽ በማግኔት ያነሳል፣ ቀለም ይነክራል፣ ይሥላል፣ ብሩሿን አጥቦ ወደ ቦታዋ ይመልሳል። ከዚያ "አምስት ቁጥር"... እንዲህ እያለች በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰው ፊት ታወጣለች።

ጉርድ ፎቶ ብቻ ስጧት።

ብረቱና ሞተሩ የእኔ ነው። ፕሮግራሙን ግን ከየሲን ጋር ነው የጻፍነው። የሲን ከኮፒ ቤቱ ጎን ሞባይል ይጠግን የነበረ የእሪ በከንቱ ሰፈር ልጅ ነው። ማሽኗን "ሙሽራዋ" ይላታል።

"ለምን ሙሽራ?"

"ለመዘጋጀት ሦስት ሰዓት፣ ለመውጣት አምስት ደቂቃ" ይለኛል።

እኔን ደግሞ "ኢንጂነር" ይለኛል። እያሾፈ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ ምላሱን አሳጥርለት ነበር።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። በመጨረሻ ተስፋማርያም የሚባል የሥዕል አዳራሽ ያለው ሰው "ቅዳሜ በስምንት ሰዓት መጥቼ አያታለሁ፤ ከወደድኳት ትርኢት አዘጋጅላችኋለሁ" አለን። በሁለታችን ስም። ማን ይቅደም በሚለው ግማሽ ቀን ተከራከርን።

እንግዲህ የነበረን ይሄው ነው። አንዲት ማሽን፣ አንዲት ቅዳሜ፣ እና ሁለት ስም።

አሁን ስለ ክፍሉ ልንገራችሁ።

ክፍሉን ያከራየችን ማክዳ ናት። ምድር ቤቱ ጀርባ ትኖራለች፣ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ ዝምተኛ ናት። አባቷ ጋሽ መድኃኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ የሚሠሩትም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ የእሳቸው የሆነ ሦስት ነገር ቀርቶ ነበር። በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ የተደገፈ፣ በአቡጀዲ የተሸፈነ ትልቅ ጣውላ። ከፊቱ አንዲት አሮጌ በርጩማ። እና ሰባት ብሩሽ የያዘ የእንጨት ሳጥን።

"ብሩሾቹን ውሰጂ" አለችኝ ማክዳ። "ስድስቱን። ቀጭኗን ተዪያት።"

"ለምን?"

"የዓይን ናት።"

"የምን ዓይን?"

"አባዬ ዓይን የሚሥለው መጨረሻ ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ፣ በሩን ዘግቶ። በዚያች ብሩሽ ብቻ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያንን ጣውላም አትንኪው። ያላለቀ ነው።"

"ምኑ ነው ያላለቀው?"

"ዓይኑ።"

"የማን ሥዕል ነው?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "አልነገረንም።"

ቃል ገባሁላት።

ቃሌን ያፈረስኩት በክፋት አይደለም። በኩራት ነው። ማስቀመጫው ላይ ሰባት ቀዳዳ ነው ያለው። ስድስት ብሩሽ አለኝ። ባዶ ቀዳዳ ያበሳጨኛል። ከሱቅ የገዛኋቸው ቀጫጭን ብሩሾች ደግሞ ፀጉራቸው ይበተናል። የጋሽ መድኃኔ ቀጭን ብሩሽ ግን... ጫፏ እንደ መርፌ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካኋት።

ለኮምፒውተሩ ግን አልነገርኩትም። ፕሮግራሙ እስከ ስድስት ብቻ ነው የሚቆጥረው። "ተስፋማርያም ከመምጣቱ በፊት እሞክራታለሁ" ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ዓርብ ቀለም ልገዛ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። የሲን ጁምዓ ሄደ። ዓርብ በዚያ ሰዓት ቤቱ ጭር ይላል፤ የታችኞቹ ሱቆች ግማሹ ለሶላት ይዘጋሉ፣ ግማሹ ለምሳ።

ስመለስ ሰባተኛዋ ብሩሽ እርጥብ ነበረች።

አየኋት። ነካኋት። ጫፏ ላይ ጥቁር ቀለም አለ።

አሸተትኩት። የእኔ ቀለም እንደ ፕላስቲክ ነው የሚሸተው። ይሄ ግን... እንደተቀቀለ ቆዳ። እንደ ድሮ ሙጫ።

"የሲን፣ ይቺን ነክተሃታል?"

"የቷን?"

"ሰባትን።"

"እኛ ስድስት አይደል እንዴ ያለን?" አለ። ስልኩ ጮኸ። አይቶት ወደ ደረጃው ወጣ። በሩን ገርበብ አደረገው።

በክፍተቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

"አይ... እሷ አታውቅም። እስከ መጪው ዓርብ ይድረስልኝ ብቻ።"

እሷ ማለት እኔ ነኝ። ሌላ "እሷ" የለችም።

ብሩሿን ቀዳዳዋ ላይ መልሼ ሰካኋት። እኔ ምንም ሳልል ስቀር ነው መፈራት ያለብኝ።

የክፍሉ ቁልፍ ያለን ሦስት ነን፤ እኔ፣ የሲንና ማክዳ። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የምናውቀው ሁለት ነን፤ እኔና የሲን። ቆጠራው ረጅም አልነበረም። "የማሽኗን አሠራር ለሌላ ሰው እየገለበጠ ነው" አልኩ በሆዴ።

ሰኞ መጣ።

የቤቱ ዘበኛ ጋሽ አጥናፉ "እኔንስ አትሥሉኝም?" ብለው ጉርድ ፎቷቸውን ሰጥተውን ነበር። ፎቶው ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ ለመታወቂያ የተነሱት። ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኗን አስነሳኋት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ምሳ ወጣሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ ሥዕሉ አልቋል።

ጋሽ አጥናፉ በጎን ናቸው።

አንድ ዓይን። አንድ ጆሮ። አፍንጫቸው ወደ ቀኝ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ፊት ለፊት ነው። አልተነካም። ማሽኗ የሠራችውን እያንዳንዱን ነገር የሚመዘግበውን ገጽ ከፈትኩ። አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት... እና መጨረሻ ላይ፣

ሰባት።

ፕሮግራሙ የማያውቀው ቁጥር።

የሲን ከኋላዬ መጥቶ ሥዕሉን አየና ሳቀ። "ሙሽራዋ ጋሽ አጥናፉን አኮረፈቻቸው።"

እኔ አልሳቅኩም። ሥዕሉን ይዤ ማክዳ ዘንድ ወረድኩ።

ማክዳ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"ማሽኗ።"

"አባዬ ነው እንዲህ የሚሥለው" አለች በሹክሹክታ። "ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው። በአንድ ዓይን። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። አባዬ ለይሁዳ ሁለት ዓይን ሰጥቶት አያውቅም።"

እኔ በቤተሰቤ ወሎዬ ሙስሊም ነኝ፤ ይህን ሕግ አላውቀውም ነበር።

"ቀጭኗን ነክተሻታል?" አለችኝ።

"አልነካሁም።"

ዋሸኋት። ዓይኗን እያየሁ።

ማክሰኞ ሁለት ሞተር ጠፋብኝ። የሲንን ከመጠየቄ በፊት ዘበኛ ቤቱን አየሁ። ከጋሽ አጥናፉ አልጋ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተገኙ።

"ጋሽ አጥናፉ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ያስቀመጥኩልሽ ነዋ።"

"እኔ አስቀምጡልኝ ብያለሁ?"

"አንቺማ አይደለሽም። ላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። 'እንዳይነኩ፣ ይጮሁብኛል' ብለው በእጄ ሰጡኝ።" ጋሽ አጥናፉ እዚህ ቤት ከተቀጠሩ ዓመት አልሞላቸውም። "አባትሽ መስለውኝ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"አባቴ ኮምቦልቻ ነው ያለው።"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እኔ ግን ያየሁት ሌባ ነው። ሌባ ሽማግሌም ይፈጥራል፣ መልአክም ይፈጥራል።

ደረጃውን ስወጣ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

ማሽኗ ቀድማ አውቃ ነበር።

አዎ፣ እኔ። ከቁጥር ሌላ በምንም የማላምነው። "በጎን ሣለችው፣ ሌባ ሆኖ ተገኘ" አልኩ። ልክ እንደ ሒሳብ።

ስለዚህ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ የየሲንን ጉርድ ፎቶ አስገባሁ።

ምሳ ወጣሁ። አልበላሁም። ካፌው ባንኮኒ ላይ ቆሜ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አየሁት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው። ሁለት ዓይን።

ወጣሁ። በሩን ከፈትኩ።

አንድ ዓይን ነበር። አፍንጫው ወደ ቀኝ።

ቀለሙ እርጥብ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተቀቀለ ቆዳ ሽታ ነበር። በርጩማዋ ደግሞ... ትናንት ከጣውላው ፊት ነበረች። አሁን ማሽኗ አጠገብ ናት።

መለስኳት። የሲን ነው ያነሳት አልኩ። በዚያ ሳምንት የሲን ያላደረገው ነገር አልነበረም፣ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ጠበቅኩት።

"እኔ ነኝ?" ብሎ ፈገግ አለ። "አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?"

"ለማን ነው የምትሰጠው?"

"ምኑን?"

"ማሽኗን። ሥራዬን። ለማን ነው የምትገለብጠው?"

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ሲሀም... ሥዕል አይተሽ ነው?"

"ጋሽ አጥናፉንም አይቼ ነው። ሞተሮቹ አልጋቸው ሥር ተገኙ አይደል?"

"ሦስት ዓመት አብረን ሠርተን፣ በአፍንጫዬ ልትፈርጂብኝ?"

"ደረጃ ላይ ከማን ጋር ነው የምታወራው? 'እሷ አታውቅም' የምትለው?"

አየኝ። የየሲን ችግሩ ይሄ ነው፤ ሲከፋው አያስረዳም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዳይጮህ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ አንቺ ውስጥ ከሽማግሌ ሰው ጋር ታወሪ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ፤ እንዳላቋርጣችሁ። ስትጨርሱ ደግሞ አላገኘኋችሁም። ማን ነው ብዬ ጠይቄሻለሁ?"

"ባለፈው ዓርብ እዚህ አልነበርኩም። ስድስት ኪሎ ነበርኩ።"

"ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ኢንጂነር።"

ይህን ብሎ ወረደ። በዚህኛው "ኢንጂነር" ውስጥ ሹፈት አልነበረም።

ይዋሻል አልኩ። ጋሽ አጥናፉ ሽማግሌ አሉ፣ እሱም ሽማግሌ አለ፤ ተማክረዋል አልኩ። እንዲህ አድርጌ ነው ሁሉንም ያስተካከልኩት።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

አብዱልሃኪም ነው፤ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጎን በብረትና በናስ ላይ ስም የሚቀርጸው። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ።

"የሲን እስከ ዓርብ ይድረስ ብሎ ሲያጣድፈኝ ነበር። ስልክ ስደውል ደግሞ 'እሷ አታውቅም' እያለ ያንሾካሹካል። ወንድሜ፣ እኔ ስም ነው የምቀርጸው፣ ቦምብ አይደል የምሠራው።"

ፈታሁት። የእጅ መዳፍ የምታህል የናስ ሰሌዳ። ማሽኗ ላይ የምትለጠፍ።

ሲሀም እና የሲን።

የእኔ ስም ቀድሟል።

አብዱልሃኪም ከሄደ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለየሲን ደወልኩ። አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ዘጋው።

ስለ ራሴ ክፉም ደግም መናገር አልወድም። ግን ያን ጠዋት ራሴን ጠላሁት።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ሐሳብ መጣ። ቀስ ብሎ።

የሲን ካልሆነ... ማን ነው?

አሁን ማወቅ ነበረብኝ። ሄጄ "ተሳስቻለሁ" ስለው "ታዲያ ማን ነው?" ሲለኝ መልስ ይዤ መገኘት ፈለግኩ። ይሄም ኩራት ነው።

ወጥመድ አጠመድኩ። ማሽኗ ላይ ንጹሕ ሸራ ዘረጋሁ። ፎቶ አላስገባሁም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። የማሽኗን ሶኬት ራሴ ነቅዬ ገመዱን ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ስልኬን መደርደሪያው ላይ አቁሜ ካሜራውን ወደ ማሽኗ አዞርኩና መቅዳት አስጀመርኩት። ወጥቼ አዲስ ጓጉንቸር ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ አንድ ነው። ካፌው በር ላይ ተቀምጬ ደረጃውን አየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሱቆቹ ለጁምዓ ተዘጉ። ጋሽ አጥናፉ በሩ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ማክዳ መሥሪያ ቤቷ ናት።

ማንም አልወጣም። ማንም አልወረደም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ጓጉንቸሩ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩ።

ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ።

ገመዱ መስኮቱ ላይ ነው፣ እንደጠቀለልኩት። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ሸራው ላይ እኔ ነኝ።

የአንገት ልብሴ ሳይቀር። የዛሬው የአንገት ልብሴ።

በጎን ነኝ። አንድ ዓይን። አፍንጫዬ ወደ ቀኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት "ይገባኛል" የሚል ነበር። የሲንን በድያለሁ፣ ማክዳን ዋሽቻለሁ፤ እኔስ ለምን ሁለት ዓይን ይሰጠኛል?

ከዚያ ስልኬን ላነሳ ዞርኩ።

ስልኬ ወደ ማሽኗ አይደለም የሚያየው።

ወደ ቀኝ ዞሯል።

ቪዲዮውን ከፈትኩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ማሽኗ ቆማለች። ምንም የለም። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሲጢጥ... ሰው ሲቀመጥባት በርጩማዋ የምታሰማው ድምፅ።

ከዚያ ምስሉ መዞር ጀመረ። ሳይንቀጠቀጥ። ቀስ... ቀስ... እያለ ወደ ቀኝ። ማሽኗ ከምስሉ ወጣች። ባዶ ግድግዳ መጣ። ከዚያ በአቡጀዲ የተሸፈነው ጣውላ።

እዚያ ላይ ቆመ። እስከ መጨረሻው እዚያ ላይ ነው።

ከኋላ ግን የሞተሮቼ ድምፅ ይሰማል። ስንት ጊዜ የሰማሁት ድምፅ። እየሠሩ ናቸው። ያለ መብራት።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሦስቱን ሥዕሎች ግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው። ጋሽ አጥናፉ። የሲን። እኔ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ማሽኗ ማንንም ክፉ ብላ አልፈረደችም። ጋሽ አጥናፉ ሌባ አልነበሩም። የሲን ሌባ አልነበረም።

ሦስታችንም ወደ አንድ ነገር ዞረን እያየን ነው።

በስተቀኛችን ወዳለው ነገር።

አቡጀዲውን ለመግለጥ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። ገለጥኩት።

ፊት ነው። ፊት ለፊት የሚያይ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ቅዱስ ይሁን ሌላ፣ አልለየሁትም። ቀለሙ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ግራ ዓይኑ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ እንጨት።

ቀኝ ዓይኑ ግን ተሠርቷል።

እርጥብ ነው።

ወደ ማሽኗ ዞሬ ማስቀመጫውን አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ሰባተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው።

ሮጬ ወረድኩ። በሩን አልቆለፍኩም። ለተስፋማርያም "ነገ አይምጡ" የሚል መልእክት የላክሁት እየሮጥኩ ነው። ሦስት ዓመቴ በአንድ መስመር። አልቆጨኝም። አንድ ሰው ብቻ ነበር ማግኘት የፈለግኩት።

የሲን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ድልድዩ አጠገብ፣ ውጭ ላይ የብረት ወንበር የሚደረድር ሻይ ቤት አለ። እዚያ ነበር። ብቻውን። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ስልኩን እያየ።

ፀሐይ ነበር። ሰው ይተራመሳል። ሻጭ፣ ታክሲ፣ ጩኸት።

ፊቱ ቆምኩ።

"የሲን።"

ቀና አላለም።

"ሰሌዳዋን አየኋት" አልኩ። "ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት አያውቅም። ማንም ሰምቶት አያውቅም። ስልኩን አስቀመጠ። ቀና አለ።

ተቀይሞኛል። ፊቱ ላይ አለ። ለእኔ ከወንበሩ እንደማይነሳ አውቃለሁ።

ግን ተነሳ።

ቶሎ ብሎ፣ ልብሱን እያስተካከለ፣ ሰው ለአዛውንት እንደሚነሳው።

"ኖር፣ አባት" አለ።

እኔን እያየ አይደለም። ፊቱ በጎን ሆኗል፤ ልክ ሥዕሉ ላይ እንደነበረው። አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከእኔ በስተቀኝ ያለውን ነው የሚያየው።

"ይቅርታ፣ ከሰው ጋር መሆንሽን አላየሁም" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ወንበር ሳበ። ለእኔ አይደለም። በቀኜ በኩል አደረገው።

"አረፍ ይበሉ።"

የተቀቀለ ቆዳ ሸተተኝ።

ወንበሩ... ሲጢጥ አለ።

ወደ ቀኜ አልዞርኩም። ያን ቀን አልዞርኩም። ይህን ስጽፍላችሁም ፊቴን ወደ ፊት ብቻ አድርጌ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ወደ ፊት።

ሥዕሉ ላይ ግን ዞሬያለሁ።

ቀለሙም ደርቋል።